«ለዓመታት የሚያገለግል» ያልኩት ማኒፎልድ

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ አንድ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። የዲፓርትመንታችን ልጆች ታስታውሱት ይሆናል፤ «የሐይቁ ብረት አዋቂ» የሚል ርዕስ ነበረው። መምህራችን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እኔም ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር፣ ቆሞ አነበበው ወይስ ዝም ብሎ አለፈ እያልኩ በቆረጣ ሳይ ሰነበትኩ። መቼም የመጀመሪያ ጽሑፍ ነገር እንዲህ ነው።

ይሄኛው ደግሞ የዚያ ጽሑፍ ማረሚያ ነው። ጋዜጦች ከገጽ ጥግ ላይ በሁለት መስመር የሚያወጡት ዓይነት ማረሚያ ግን አይበቃውም። ነገሩ አንድ ፒክአፕ ሙሉ ቲማቲም አበላሽቷል፤ አጎቴንም ከደንበኛው ጋር አጣልቷል።

ጉዳዩ የመኪና ጭስ ማውጫ ነው። አዎ፣ ጭስ ማውጫ። አትሳቁ።

አጎቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ብየዳ ቤት አለው። ሐይቅን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ሰው የሚያውቃት በሐይቋና በእስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ እኔ ደግሞ በማርሚታ ነው የማውቃት። ያደግሁት ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ስለሆነ፣ ከሩቅ በሚመጣው ድምፅ ብቻ ይሄ አይሱዙ ነው፣ ይሄ ሲኖትራክ ነው፣ የዚህኛው ማርሚታ ተበስቷል ብዬ መለየት የጀመርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው ማለት ይቻላል።

ማርሚታን ካነሳሁ አይቀር፣ የጋራዥ ቋንቋ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። አጎቴ የጣሊያንን አገር አይቶ አያውቅም፤ ሥራ ላይ ሆኖ አፉን ሲከፍት ግን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ… ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በቆየበት ጊዜ በዚህ መስመር መንገድ ሠርቷል፤ የጭነት መኪናውንም ነድቶበታል። ሰውዬው ሲባረር መንገዱና ስሞቹ ቀሩ። ማርሚታ በጣሊያንኛ ድስት ማለትም እንደሆነ ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ለአጎቴ ስነግረው «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድስት ነው ስጠግን የኖርኩት?» ብሎ ከልቡ ሳቀ።

ያንን የመጀመሪያ ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩት ልናገር። ብረት የሚሠራ ሰው በአገራችን ምን ሲባል እንደኖረ ታውቃላችሁ። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ… ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አውጥተዋል፤ አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ ከሰው አፍ አልወጣም። ሟች አያቴ አጎቴ ብየዳ ሲጀምር ሦስት ቀን አኩርፋዋለች ይባላል። እኔስ ብሆን? ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ «አጎትሽ ምን ይሠራል?» ስባል «መካኒክ ነው» እል ነበር። መካኒክ ከበያጅ ይበልጥ ይመስል! እናም መምህራችን «በአካባቢያችሁ ካለ ሰው አንዱን መርጣችሁ ጻፉ» ሲለን፣ ዕዳዬን የምከፍልበት ቀን የመጣ መሰለኝ። ጀግና ላደርገው ቆርጬ ነው የተነሳሁት። ችግሩም ከዚያ ጀመረ።

ደግሞም ጀግና ለማድረግ የሚበቃ ነገር ነበረው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ብየዳ ቤቱ ባዶውን ቀርቷል። የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ ትራፓኖው፣ ሌላው ቀርቶ የአጎቴ የብየዳ መነጽር እንኳ አልተረፈም። የተረፈችው ሞርሳዋ ብቻ ናት፤ ከወፍራም ግንድ ጋር በቡሎን ስለታሰረች ይመስለኛል። አጎቴ እቁቡ ሲወጣለት አንድ አሮጌ ማሽን ገዛና በዚያችው ሞርሳ ፊት ቆሞ እንደ አዲስ ጀመረ። ይሄን በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ትክክል ነው፣ ማረሚያ አያስፈልገውም።

ማረሚያ የሚያስፈልገው የፒክአፑ ነገር ነው።

የፒክአፑ ባለቤት ከመርሳ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ደሴ የሚያወርድ ነጋዴ ነው። መኪናው አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ነው፤ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የሌለው። መርሳ ቆላ ነች፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ። በመካከሉ የአምባሰል ዳገት አለ። አምባሰልን በቅኝቱ ብቻ የምታውቁ ሰዎች፣ ተጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ የሚሰማው ዜማ ሌላ ነው። ሹፌሮች ይወቁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ደሴ ላይ አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር፣ አሰብ ወደብ ላይ ከሚስበው ጋር ቢመዘን ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይቀንሳል። ናፍጣ የሚቃጠለው በአየር ነው፤ አየር ካነሰው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበቱም አብሮት ይወጣል። በዳገት ላይ ከአሮጌ መኪና ኋላ የቆመ ሰው የሚያየው ጥቁር ጭስ እንግዲህ ገንዘብ ነው፤ የነጋዴው ገንዘብ።

መድኃኒቱ ቱርቦ ነው። ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ፋን ይመታል፤ በዚያው ዘንግ በሌላኛው ጫፍ ያለችው ሁለተኛ ፋን ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀች ወደ ሞተሩ ታስገባለች። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የምትዞርበት ጊዜ አለ። አልፍሬድ ቡኺ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ለዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። አጎቴ ስለ ሰውዬው ሰምቶ አያውቅም፤ ሐሳቡን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳኝ፦ «የራሱን ጭስ መልሶ ወናፍ ያደርገዋል።»

ነጋዴው ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ቱርቦ ገዝቶ መጣ። ቱርቦው አለ፤ ሞተሩም አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ግን የለም። ማኒፎልድ ይሉታል፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያቀብለው ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው። ይሄ ግን የሁለት የማይተዋወቁ መኪኖች ጋብቻ ስለሆነ በልኩ ፋብሪካ የሠራው ማኒፎልድ አልተገኘም። በእጅ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ የአጎቴ ልጅ ይገባል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስልኩ በድራግ ውድድር ቪዲዮ የተሞላ ነው። ለማታውቁት፣ ድራግ ማለት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራት ሲበራላቸው ቀጥ ባለ መንገድ የሚፈተለኩበት ውድድር ነው። የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር ያህል ነው። ጥቂት ሰኮንድ፣ አለቀ። ትንንሽ መኪና ይዘው የሚወዳደሩት ልጆች ቱርቦ ሲገጥሙ ማኒፎልዱን ራሳቸው ከቱቦ ይበይዱታል። አራት ቱቦ እንደ እባብ ተጠማዝዞ አንድ ቦታ ይገናኛል። የሚጠማዘዘው ለቁንጅና እንዳይመስላችሁ፤ የአራቱም ቱቦ ርዝመት እኩል እንዲሆን ነው። አራት ሲሊንደር ያለው እንዲህ ያለ ሞተር አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያለ በተራ ነው የሚተኩሰው፤ ቱቦዎቹ እኩል ከሆኑ የጭሱ ምት ቱርቦው ጋ በእኩል ልዩነት ይደርሳል፤ ከበሮ እንደሚመታ ሰው።

ልጁ «አባዬ፣ እንደዚህ እናድርገው» ብሎ ስልኩን ሰጠው። አጎቴ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ እየመለሰ እየመለሰ ሁለት ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ያለው ነገር ደብተሬ ላይ አለ፦ «የነሱ መኪና አሥር ሰኮንድ ሮጦ ይቆማል። የኛው ተጭኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ይወጣል። ብረቱ የሚሰቃየው የኛ ነው።»

ይህንን ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ለምን እንዳወጣሁት እመለስበታለሁ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። እኔ ለእረፍት ገብቼ ስለነበር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አየሁት።

መጀመሪያ ፍላንጁ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ገጥሞ የሚታሰረው ወፍራም ላሜራ። አጎቴ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ካርቶን ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ ሳለው፤ ከካርቶኑ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገለበጠው። አራቱን የጭስ ቀዳዳ ለማውጣት ዙሪያውን በትራፓኖ እየበሳ፣ መሐሉን በመሮ እየመታ አነሳውና በሞረድ አለሰለሰው። ደሴ ቶርኖ ቤት ቢወሰድ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ነጋዴው ግን ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የለኝም አለ። የሞረዱ ድምፅ ማታ ተኝቼም ጆሮዬ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ቱቦው። ተራው የማርሚታ ቱቦ «ስስ ነው፤ ቱርቦውን አይሸከምም» ተብሎ ተጣለ። ወፍራም ያስፈልጋል። ሐይቅ ውስጥ ወፍራም ቱቦ የሚገኘው የት ነው? ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ የውኃ ቧንቧ! ኤልቦውም አብሮ ይሸጣል፤ የተጎበጠ ነውና ሥራውን ያቀለዋል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አጎቴ ኤልቦውን በመዶሻ ጠርዝ ኳ አደረገው። «ይሄ ፈስሶ የተሠራ ነው፤ ብየዳ አይወድም። ቀጥ ያለውን አምጪ» አለኝ። ቀጥ ያለውን ቧንቧ እንደ ብርቱካን ክትፋት ሰያፍ ሰያፍ እየቆረጠ፣ ቁርጥራጩን እያዞረ ሲገጣጥመው ጎበጠ። ያማረ ነገር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ብየዳ ነው፤ እያንዳንዱ ብየዳም አንድ የመሰንጠቂያ ቦታ ነው። ይሄንንም ያለው እሱ ነው።

የውኃ ቧንቧ ሌላ ጣጣ አለው። እንዳይዝግ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ፣ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በያጆች «ወተት ጠጣበት» ይባባላሉ። ወተት ጥሩ ነገር ነው፤ ሳንባ የገባን ጭስ ግን አያወጣም። አጎቴ ይሄንን በራሱ ላይ አይቶ ስለተማረ፣ የተቆራረጠውን ቧንቧ ሁሉ በባልዲ አቼቶ ውስጥ አሳደረው። አቼቶው ዚንኩን በልቶ ጥቁሩን ብረት ያወጣዋል። ሱቅ የላከኝ እኔን ነበር። ባለ ሱቁ ያንን ሁሉ አቼቶ ሲቆጥርልኝ «ሰርግ አላችሁ እንዴ? ይሄ ሁሉ ሰላጣ ለማን ነው?» አለኝ።

ብየዳው ሦስተኛው ቀን ላይ ተጀመረ። አጎቴ ግቢ ውስጥ የወደቀ የዚያው ዓይነት ሞተር ቴስታታ ነበረው፤ ፍላንጁን በእሱ ላይ በቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ካልታሰረ ብየዳው ሲቀዘቅዝ እየጎተተ ያጣምመዋል። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። አንዱን ቱቦ በነጥብ በነጥብ ይይዛል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ሙቀቱ እንዲከፋፈል ነው። ቅርፊቱን በትንሿ መዶሻ እያራገፈ፣ ከሥር ያለውን መስመር በጣቱ እየዳሰሰ… እኔ እንኳ በዓይኔ የማላየውን ቀዳዳ በጥፍሩ ያገኘዋል። መሐል ላይ መብራት ጠፋና ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። ሲመጣ ቀጠለ። ሲጨርስ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ልክ እንደ ድንች። የዘይት ቱቦውንና ሌላውን መገጣጠሚያ አላንዛዛውም፤ አራተኛው ቀን ላይ ተገጠመ።

ሲገጠም አጎቴ ደስ አላለውም። ደብተሬ ላይ ቃል በቃል አለ፦ «ፍላንጁ አንድ ወጥ መሆኑ አላማረኝም፤ በየቀዳዳው መሐል መቆረጥ ነበረበት። ቱርቦውም ከሥር ድጋፍ ይፈልጋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ወር ከከረመ እድለኛ ነው።» ነጋዴው ግን መርሳ ላይ ቲማቲም ደርሶ ነበር፤ ቲማቲም ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። «በሳምንቱ አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ ትጨርሰዋለህ» ብሎ ይዞት ሄደ። አጎቴም ፖምፓውን ነክቶ ናፍጣ አልጨመረበትም፤ «እስክትመለስ በዝግታ ንዳ» አለው።

ከዚያ በፊት ግን እስከ ደሴ ሙከራ ሄድን። ከሐይቅ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ከሞተሩ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ቱርቦው ነው። ነጋዴው በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሦስተኛ ወጣው። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ጥቁሩ ጭስ ሳስቷል። ነጋዴው መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። የአጎቴ ልጅ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ እየጮኸ ነበር። አጎቴ ብቻ ዝም ብሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ተቀምጧል።

ያንን ማታ ነው ጽሑፌን የጻፍኩት። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ «በሐይቅ አንድ ጠባብ ብየዳ ቤት ውስጥ ከውኃ ቧንቧ የተወለደው ይህ ለዓመታት የሚያገለግል ማኒፎልድ…» የሚል ሐረግ አለ። «ለዓመታት የሚያገለግል» ማን አለ? ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ዐረፍተ ነገሩ ጎደሎ መስሎኝ። ስለ ፍላንጁ፣ ስለ ድጋፉ፣ ስለ አሥር ሰኮንዱና ስለ አንድ ሰዓቱ የተናገረውን ግን አወጣሁት። ጀግና ሲጠራጠር አያምርም ብዬ ነው። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እንዲያ ነው ያሰብኩት።

ጽሑፉ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ልጅ ላክሁለት። እሱ ደግሞ ለነጋዴው አሳየው። ነጋዴው በሳምንቱ ሳይመጣ ቀረ። በሁለተኛውም ሳምንት አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ቲማቲም ጭኖ ከመርሳ ሲመጣ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደ መትረየስ መጮህ ጀመረ። ማኒፎልዱ ፍላንጁ አጠገብ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቱቦ መካከል ተሰንጥቋል። ጭሱ በስንጥቁ ሲወጣ ቱርቦው ጉልበት አጣ፤ ትኩሱ ጭስ ደግሞ አጠገቡ ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አቀለጠው። መኪናው ቆመ። ጎታች እስኪገኝ በማግስቱ ቀትር ሆነ። የቆላ ቲማቲም ፀሐይ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ውጫሌን በታሪክ ሁላችንም እናውቃታለን። በ1881 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል አማርኛው አንድ፣ ጣሊያንኛው ሌላ ይል ነበር፤ 17ኛው አንቀጽ ያመጣውን መዘዝ ታውቁታላችሁ። መኪናው እዚያ መሰንጠቁ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ደብተሬ አንድ፣ ጽሑፌ ሌላ ይሉ ስለነበር ስሙን በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል።

አጎቴ ደውሎልኝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ያን ቀን ግን የደወለው ልጁ ነበር። ነጋዴው ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን እያሳየ «ለዓመታት የሚያገለግል ተብሎ ተጽፏል! በኮሌጅ ተጽፏል!» እያለ ይጮህ ነበር። አጎቴስ ምን አለ? ስለው «ምንም አላለም፤ አንቺ እንደጻፍሽው ያወቀው ገና አሁን ነው፤ አላነበበውም ነበር» አለኝ።

በዚያ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ለአጎቴ ደብተሬን ዘርግቼ የራሱን ቃል አነበብኩለት፤ ያወጣሁትንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አብሽሪ» አለኝ በመጨረሻ። «ግን ያልኩትን ብትጽፊው ምን ይጎድልሽ ነበር?» መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ወደ ነጋዴውም ሄድኩ። ያ ቃል የአጎቴ አይደለም፣ የኔ ነው፤ አጎቴማ አንድ ወር ከከረመ እድለኛ ነው ብሎ ነበር አልኩት። በሳምንቱ መመለስ የነበረበት እሱ ራሱ መሆኑን ለማንሳት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሰውዬው ሲጮህ ከሰማሁት ይልቅ በዝግታ የተናገረው ነው የከበደኝ፦ «እኔ ብዙ አልተማርኩም። የተጻፈ ነገር ሳይ ሰው አረጋግጦ የጻፈው ይመስለኛል።»

የተሰነጠቀው ማኒፎልድ ሞርሳዋ ላይ ሲታሰር አጎቴ ምክንያቱን አሳየኝ። «ቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ለምን ይንጫጫል?» አለኝ። ስለሚረዝም። ብረትም እንዲሁ ነው። በኋላ እኔም አስልቼ አየሁት፦ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ተራ ብረት ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዳገት ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር ጭስ ደግሞ እዚህ ሙቀት ይደርሳል። ፍላንጁ የታሰረበት ሞተር ግን በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ያን ያህል አይረዝምም። አንዱ ልሂድ ይላል፤ ሌላው ይዞ ያስቀራል። ሲሞቅ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎትታል፤ በላዩ የቱርቦው ክብደት በየጉድጓዱ ይወዛወዛል። የሚሸነፈው ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ነው። የድራግ መኪና ሠሪዎቹም ቢሆኑ ይሄን ችግር ያውቁታል፤ ብዙዎቹ ፍላንጁን ከበየዱ በኋላ በየቀዳዳው መሐል ይቆርጡታል። አጎቴ ከማንም ሳይሰማ ያለው ይሄንኑ ነበር።

ሁለተኛውን የሠራው ለነጋዴው ያለ እጅ ዋጋ ነው። ቲማቲሙን ግን ማንም አልከፈለውም። በዚህ ጊዜ ፍላንጁ አራት ቦታ ተከፋፈለ፤ የጠርዞቹ የቡሎን ቀዳዳዎች ወደ ጎን ሞላላ ተደርገው ሰፉ፣ ብረቱ ሲረዝም የሚንቀሳቀስበት ቦታ እንዲያገኝ። ቱርቦው ከሥሩ ከአሮጌ ባሌስትራ በተቆረጠ ብረት ሞተሩ ላይ ተደገፈ፤ ከቱርቦው ወደ ማርሚታው በሚወርደው ቱቦ ላይም እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ቁራጭ ገባ። የቱቦዎቹ ርዝመት እኩል አይደለም። ልጁ «ድምፁ አያምርም» ብሎ ተከራከረ። «ይክረም እንጂ አይመር» አለው አባቱ።

ለሴሚስተር እረፍት ስሄድ ነጋዴው መኪናውን አምጥቶት አገኘሁ፤ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ያመጣዋል። አጎቴ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ በትንሿ መዶሻ እያንዳንዱን ቱቦ ኳ ኳ አደረገ። የተሰነጠቀ ብረት እንደ ተሰነጠቀ ጀበና የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ጤነኛው ይጮኻል። «ጆሮሽን አስጠጊ» አለኝ። አራቱም ጮኹ። ከዚያ ደብተሬን በአገጩ አመለከተኝ፦ «በይ ጻፊ። ቀኑን ጻፊበት። እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም በይ።» ጻፍኩ።

ይህንን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከማስረከቤ በፊት፣ ትናንት ማታ ደወልኩለት። ማኒፎልዱ እንዴት ነው? አልኩት።

«የባለፈውን ቅዳሜ ነው የማውቀው» አለኝ። «ዛሬ መርሳ ሄዷል፤ ገና አልተመለሰም።»